ከሳብዕ በኋላ

ሃና «ነይ ባክሽ፣ ማንም ጌታን ተቀበይ ብሎ አያስጨንቅሽም፤ ምግብ ደግሞ አለ» ብላ ነው አጅማን ድረስ ይዛኝ የሄደችው። ሃና ሻርጃ፣ አል መጃዝ፣ አንድ ክፍል የምትጋራኝ ልጅ ናት። የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ትሠራለች፤ ዕድሜዋ ቢበዛ የእኔን ግማሽ ነው። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ተዋሕዶ ነኝ፤ እሷ ጾሜን አክብራልኝ፣ እኔ መዝሙሯን ችዬላት አንድ ማቀዝቀዣ ተካፍለን እንኖራለን። የዚያን ቀን ኅብረታቸው የተመሠረተበትን ዓመት የሚያስቡበት የምስጋና ፕሮግራም ነበር። አዳራሹ ኪራይ ነው፤ ከእነሱ በፊት የማን ልደት እንደተከበረበት እንጃ፣ ጣሪያው ላይ የተረሱ ፊኛዎች ተንጠልጥለዋል። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ከኋላ፣ የኤሲው ንፋስ የማይደርስበት ወንበር መርጬ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ቅዝቃዜ አይወድም፤ የዚህም ጦስ ከምነግራችሁ ጊዜ የመጣ ነው።

መዝሙሩ አልቆ መሪው «አሁን እህታችን ሰብለ ምስክርነቷን ታካፍለናለች» ሲል ሃና በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «እትዬ ጸዳለ፣ ይቺን ስሚያት። በየዓመቱ ነው የምትናገረው፤ በየዓመቱ ታስለቅሰኛለች» አለችኝ። ስሙን ስሰማ ምንም አልመሰለኝም፤ ሰብለ የሚባል ሰው ሞልቷል። ሴትዮዋ መነጽሯን እያስተካከለች፣ ቡኒ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ ወደ መድረኩ ወጣች። ወፈር ብላለች፤ ፀጉሯን በአጭሩ ተቆርጣለች። ማይኩን ይዛ «ያኔ ዴራ ነበርን፤ ሁለት ሐበሾች፣ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ የምንሠራ» ስትል እጄ ላይ የነበረው የውሃ ፕላስቲክ ተጨማደደ። ድምጿ አልወፈረም፣ አላረጀም፤ ያው የድሮው ቀጭን ድምፅ ነው።

«ከላይና ከታች ባለ አልጋ አብራኝ የምትተኛ እህት ነበረችኝ» አለች ሰብለ። «እወዳት ነበር። በቸልተኝነት አንድ ትልቅ ጥፋት አጠፋች፤ የሰው መረጃ ጠፋ። እኔም አብሬያት ልባረር፣ ቪዛዬ ሊሰረዝ፣ ሻንጣዬን ልሸክፍ ስል ጌታ በአለቃችን ልብ ውስጥ ሠራ። እኔን አስቀረኝ። እሷን ግን እስከ ዛሬ በጸሎቴ ይዣታለሁ።» አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ። ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ከሥር አጀባት። ሃና ዓይኗን በሶፍት ጠረገች፣ ለእኔም አንድ አቀበለችኝ።

ያቺ እህት እኔ ነኝ። ጥፋቱ ግን የእሷ ነው። ይህን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ ይህን ሁሉ ዘመን ከዚያች ሴት የፈለግሁትም አንድ ነገር ብቻ ነው። በሰው ፊት ይቅር፣ በእኔ ፊት ብቻ «ማቆሚያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ» እንድትለኝ። የሥራው፣ የቪዛው፣ የስሜ ነገር ሁሉ እዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ነው ያለው። ጭብጨባው ሳያልቅ በሐሳብ ዱባይ፣ ዴራ ገባሁ።

ያኔ ሜትሮ የሚባል ነገር አልነበረም። የምንኖረው አል ሙራቃባት፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ድምፅ በወለሉ በኩል ይመጣል። ቤድ ስፔስ ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሴት፤ ለአልጋ ሦስት መቶ ድርሃም። እኔ ከላይ፣ ሰብለ ከታች። ሻወርማ በሁለት ድርሃም ይበላል፤ ጥጋበኛ ቀን ከሆነ የማንጎ ጭማቂ ይጨመራል። ቢሮአችን ከወንዙ ማዶ ስለነበር ጠዋት ጠዋት አብራ የሚሏት የእንጨት ጀልባ ላይ እንወጣለን፣ ሃምሳ ፊልስ ለጀልባው ሰውዬ፤ የናፍጣና የዓሣ ሽታ ከሽቶአችን ጋር ተደባልቆ ቢሮ ድረስ ይከተለን ነበር። ሰብለ ትከሻው ስፖንጅ የተሞላ፣ ቁልፉ ወርቅማ የሆነ ቀይ ጃኬት ነበራት፤ ናይፍ ገበያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተመላልሰን ተከራክረን የገዛነው። «ገዛነው» ያልኩት በእውነት ነው፤ ቅዳሜ እሷ ትለብሰዋለች፣ እሑድ እኔ። ማታ ማታ ደግሞ አንድ የትዝታ ካሴት ነበረን፣ ከአገር ቤት የመጣ፤ ጥብጣቡ ላልቶ ዘፋኙ በየመሃሉ የሚያዛጋ ይመስላል። ሰብለ ዘፈን ኃጢአት ነው ማለት ከጀመረች በኋላም ካሴቱን አልጣለችውም፣ «አንቺ ክፈቺው፣ እኔ አልሰማም» ትለኝ ነበር። አሁን በዚያ መንገድ ሳልፍ ልብስ ሰፊው የለም፤ የስልክ ልባስ የሚሸጥበት ሱቅ ሆኗል። የቴሌፎን ካርድ ለመግዛት ዓርብ ዓርብ የምንሰለፍበት ጥግ ላይ የብስክሌት አመላላሾች ምግብ ይዘው ይቆማሉ፣ ሁሉም ጆሮው ውስጥ የየራሱን ዘፈን ደፍኗል።

ሐበሻ ሴት ዱባይ ላይ ያኔ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያላት፣ የቤት ሠራተኝነት፣ ተብሎ የታመነ ነበር። ታክሲ ስንገባ ሾፌሩ ዞር ብሎ «ማዳምሽ የት ነው የምትኖረው?» ይለናል። ሰብለ አታፍርም፤ «የእኔ ማዳም ኮምፒውተር ናት። ዋላሂ ከእሷ የባሰች ማዳም አታገኝም» ትለዋለች። ያኔ ዋላሂ ማለት አልተወችም ነበር። በዚያው ማሽኑን ማዳም አልነው፤ ቆይቶ ሕንዶቹም አረቦቹም ማዳም ይሉት ጀመር። ሁለታችንም ሥራውን የተማርነው አዲስ አበባ፣ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለውን አሮጌ ማሽን የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ኤጀንሲው አጠያይቆ አገኘን። ዱባይ ያለው ኩባንያ የመኪና ኢንሹራንስ ይሸጣል፤ የደንበኛው ሁሉ ነገር ያለው ማዳም ሆድ ውስጥ ነው።

ማዳም ከሁላችንም የተሻለ ክፍል ነበራት። በመስታወት የታጠረ፣ ወለሉ ከፍ ያለ፣ ቅዝቃዜው አጥንት የሚገባ። ውጭ ሰው በሙቀት እየተጠበሰ እኛ ውስጥ ሹራብ ደርበን፣ ጋቢ ጉልበታችን ላይ ጣል አድርገን እንሠራለን። አመሏ ደግሞ ለብቻው ነው። የፋይል ስም ከስምንት ፊደል በላይ አትቀበልም። ትንንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል አታውቅም፣ ትልልቁን ብቻ። በቁጥር የሚጀምር ስም አትወድም፤ በስም መሃል ክፍት ቦታ ካየች ኩርፊያ ነው። ዘጠነኛውን ፊደል ትቆርጥና ትጥለዋለች፣ ይቅርታም አትጠይቅ፣ ልቁረጥ ወይ ብላም አታማክር። እኛ እንኳ ስንገባ የምንጽፈው የመግቢያ ስም ስምንት ፊደል መሆን ስላለበት፣ አለቃችን ሚስተር ቶማስ ለሁለታችን አንድ ስም ነው ያወጣልን፤ ከእኔ አራት ፊደል፣ ከሰብለ አራት ፊደል። ደስ ብሎን ነበር። ቆይቶ ግን ማን ምን እንደሠራ መለየት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ሆነ።

ችግሩ የመጣው የሻርጃና የአጅማን ቅርንጫፎች አዳዲስ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ሲገዙ ነው። የእነዚያ ልጆች ማሽን ረጅም ስም ይፈቅዳል፤ እነሱም እንደ ልባቸው ይጽፋሉ፤ «አጅማን ቅርንጫፍ፣ አዲስ የመኪና ደንበኞች፣ ቅዳሜ» እያሉ፣ በእንግሊዝኛ። ማዳም ጋ ሲደርስ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ፊደላት ትወስድና ቀሪውን ትጥላለች። የቅዳሜውም የእሑዱም ፋይል አንድ ስም ይሆናል ማለት ነው። ስሙ አንድ ከሆነ ደግሞ የእሑዱ መጥቶ በቅዳሜው ላይ ይጻፍበታል፤ ቅዳሜ ኢንሹራንስ የገባ ሰው ከዓለም ጠፋ። ሚስተር ቶማስ ልጆቹን በስልክ ተቆጣ፣ ለመነ፣ ስም እንዲያሳጥሩ አስጠነቀቀ። አጅማን ያለው ልጅ «እሺ እሺ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» ይላል፣ ያንኑ ይልካል።

መላው የተገኘው ምሳ ሰዓት ላይ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ነው። ማን እንዳመጣው ዛሬም በእርግጥ መናገር አልችልም፤ አንዷ ጀመረች፣ ሌላዋ ጨረሰች። ፈረንጅ ፊደል ያባክናል፤ እኛ «ለ» ብለን በአንድ የምንገላገለውን እሱ ለተነባቢው አንድ፣ ለአናባቢው አንድ ይጽፋል። ታዲያ አናባቢዎቹን ሁሉ አውጥተን ብንጥልስ? አጅማን በሦስት ፊደል አለቀ፣ ሻርጃ በአምስት። ቦታ ተረፈ። ከዚያ መጨረሻው ላይ ቁጥር እናስቀምጥ ተባባልን፤ ግዕዝ አንድ፣ ካዕብ ሁለት፣ ሣልስ ሦስት፣ እያለ እስከ ሳብዕ። የሥራ ሳምንቱ ያኔ የሚጀምረው ቅዳሜ ነበር፤ ስለዚህ የቅዳሜው ፋይል ግዕዝ፣ የእሑዱ ካዕብ፣ የዓርቡ ሳብዕ። ቅዳሜ ማለዳ ሰባቱም ወደ ትልቁ መዝገብ ይገለበጡና ቤቱ ባዶ ሆኖ እንደገና ከግዕዝ ይጀመራል። የፊደል ቤት ሰባት፣ ሳምንቱ ሰባት፤ ሰብለ እጄን መትታ «ይህን ለእኛ ብሎ ነው የሠራው!» አለች። የሚመጣውን ፋይል ሁሉ እንዲህ እያሳጠረ የሚሰይም ፕሮግራም ጻፍን፣ ሠራ። ሚስተር ቶማስ ምን እንደሆነ ሲጠይቀን እኔ፣ አፌ አያርፍም፣ ወረቀት አምጥቼ ሀ ሁ ሂ እያልኩ ለቢሮው ሰው ሁሉ ፊደል አስቆጠርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቢሮው ሰው «የጸዳለ ፊደል» ነው የሚለው።

ከሳብዕ በኋላስ? ያንንም አስበናል። ስምንተኛ ፋይል ከመጣ ፕሮግራሙ ቀጥ ብሎ እንዲቆምና ተረኛዋን እንዲያስጠራ አደረግን። ማቆሚያ ያልኩት ይህንን ነው፤ አንዲት መስመር ትእዛዝ ናት። ማቆሚያው ከሌለ ፕሮግራሙ ሕፃን ፊደል ሲቆጥር «ሆ» ካለ በኋላ የሚቀጥለውን ከግዕዝ እንደሚጀምረው፣ ተመልሶ ግዕዝ ላይ ይጽፋል። ማለትም የዓርቡ ትርፍ በቅዳሜው ደንበኞች ላይ ይወርዳል። ስምንትና ዘጠኝ የሚባሉ ቁጥሮች እንዳሉ ለሁለታችንም ትዝ አላለንም፤ ምን ታደርጉታላችሁ፣ ሐበሻ ሳብዕ ላይ ሲደርስ አፉ ራሱ ይዘጋል። የአጅማኑ ልጅ አንዳንድ ዓርብ የረሳውን ሰብስቦ ሁለተኛ ፋይል ይልካል። ያኔ ማዳም ትቆማለች፣ ተረኛዋ ወገብ ላይ ያለው ፔጀር ይጮሃል፣ ተረኛዋ ወንዙን ተሻግራ ትመጣለች። ዓርብን በተራ ነበር የምንይዘው። እኔን ቅዳሴ ላይ ጠርቶኝ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ሮጫለሁ። ሰብለ ደግሞ የመዘምራን አባል ሆና ነበር፤ ያኔ የሁሉም አምልኮ ዓርብ ነው፣ እነሱም ኪራይ አዳራሽ ውስጥ። «ፔጀሩ መድረክ ላይ ሲጮህ ሰው ሁሉ ሰይጣን የገባብኝ ይመስለዋል» ትል ነበር፣ እየሳቀች።

አንድ ረቡዕ ከአጅማን አንድ ሰውዬ መጣ። ካንዱራ የሚሉት ረጅም ነጭ ቀሚሱ የተጨማደደ፣ ዓይኑ የቀላ። መኪናው ተጋጭቶ ፖሊስ ኢንሹራንስህ የለም ብሎታል። ወረቀቱን መስኮቱ ላይ እየመታ «ዋላሂ ከፍያለሁ! ፍሉሱን በእጄ ነው የሰጠሁት!» ይላል። ሚስተር ቶማስ ማዳም ውስጥ ፈለገ፤ ሰውዬው የለም። እሱ ብቻ አይደለም፣ ወረቀቱ ላይ ባለው ቅዳሜ አጅማን ላይ ኢንሹራንስ የገባ ማንም ሰው የለም። እኔ ወዲያው ገባኝ፤ ስምንተኛ መጥቶ ግዕዝ ላይ ተጽፎበታል። ግን እንዴት? ማቆሚያው አለ። ፕሮግራሙን ከፍቼ ሳይ ማቆሚያው የለም። ሚስተር ቶማስ ከኋላዬ ቆሞ «ማነው ያነሳው?» አለ። የተጻፈው የመግቢያ ስም ያው የሁለታችን ነው። ሰብለ ሹራቧን አውልቃ «ራሴን አሞኛል» ብላ ወጣች።

አብራው ላይ ደረስኩባት። ጀልባው ሲነሳ ማልቀስ ጀመረች። «ጸዲ፣ እኔ ነኝ» አለችኝ። «የዓርቡን ዋዜማ ከቢሮ ስወጣ ማቆሚያውን አነሳሁት። ለብቻዬ የምዘምረው መዝሙር ነበረኝ፤ ለአንድ ዓርብ ብቻ ብዬ ነው። ቅዳሜ መመለሱን ረሳሁት።» አልተቆጣኋትም፤ እግዜር ያውቃል፣ አልተቆጣኋትም። የነበረኝን ሻርፕ አለበስኳት። «ኸላስ፣ በቃ፣ አታልቅሺ። ሰው ይሳሳታል» አልኳት። «ለቶማስ ንገሪው፣ ደግ ሰው ነው፤ ይቆጣሻል፣ ያበቃል።» እጄን ይዛ «እስከ ቅዳሜ ስጪኝ። ጸልዬ፣ ራሴ ገብቼ እነግረዋለሁ። አንቺ ግን ምንም እንዳትይ፣ በእናትሽ» አለች። በእናቴ ለመነችኝ፣ ዝም አልኩ። ሐሙስ ሚስተር ቶማስ ቢጠይቀኝ «ቅዳሜ እንነግርሃለን» ብዬ መለስኩለት። ያቺ መልስ በኋላ ምን እንደመሰለች አስቡት።

ቅዳሜ ሁለታችንንም ጠራን። ሥራ አስኪያጁም ነበር። ሰብለ ቀዩን ጃኬት ለብሳለች፤ ተራው የእሷ ነበርና። ሚስተር ቶማስ «ማቆሚያውን ማነው ያነሳው?» አለ። ዞር ብዬ አየኋት፤ በይ፣ አሁን፣ አልኩ በልቤ። ሰብለ ወለሉን እያየች «ፊደሉ የጸዳለ ነው» አለች። «እኔ እሷ ያሳየችኝን ነው የምሠራው።» የተጠየቀችውን አልመለሰችም፤ ያልተጠየቀችውን መለሰች። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረና «ለምን ሰባት? ስምንትና ዘጠኝ ቁጥር አይደሉም?» አለኝ። ምን ልበል? ለአረብ ሥራ አስኪያጅ ስለ ሳብዕ ላስረዳ? በመጨረሻ «ያነሳችው ሰብለ ናት፣ ራሷ ነግራኛለች» ስል ሚስተር ቶማስ የተመለከተኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ አለ፤ ለማምለጥ ጓደኛዋን የምትሸጥ ሴት አድርጎ ነው ያየኝ። «ሰብለ፣ እውነት ነው?» አላት። ሰብለ አለቀሰች እንጂ አልመለሰችም። ማንም ሰው ያንን ለቅሶ ቢያይ የሚያዝነው ለእሷ ነበር።

ቪዛዬ ካንስል ሆነ። ሰብለ በዚያው ሰሞን ወደ ዘመዶቿ ቤት ተዛወረች፤ እኔ በሌለሁበት መጥታ ዕቃዋን አወጣች፣ ጃኬቱን ይዛ፣ ካሴቱን ትታ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሐበሻ ሰፈር ደርሷል፤ «የሰው ፋይል ያጠፋችው» ማለት ስሜ ሆነ። ሌላ ኩባንያ ብጠይቅ ስልክ ደውለው ያጣራሉ፣ ከዚያ አይደውሉልኝም። አገር ቤት ልመለስ? «ኮምፒውተር ትነዳለች» እያሉ ሲኮሩብኝ ለኖሩት ሰዎች ምን እላለሁ? ኤጀንሲው ያለው ሹግል የሚሉት ሥራ አንድ ብቻ ነበር። አል ዋርቃ፣ ቪላ፣ አምስት ልጆች። እንደዚያ ሆኖ የብረቷን ማዳም ትቼ የሰው ማዳም ቤት ገባሁ። ክፉ አልነበረችም፣ ሐሰት አልናገርም፤ ግን ጠዋት ጠዋት «ያላ ጸዳለ፣ ያላ!» ስትለኝ ቫኪዩሙን እየጎተትኩ፣ በሐሳቤ ያንን ፕሮግራም መስመር በመስመር አነበዋለሁ፤ ያቺ መስመር ከነበረችበት ቦታ ስደርስ መልሼ እጽፋታለሁ። የልጆቹ ኮምፒውተር ሲበላሽ አስተካክል ነበር። ማዳም ለጎረቤቶቿ «የእኔ ሠራተኛ እኮ ጂን ናት» ብላ ታስቃቸዋለች። ልጆቹ አድገው ሲበታተኑ ለቅቄ ሻርጃ መጣሁ፤ አሁን አንድ የካርጎ ቢሮ ውስጥ ካርቶን ላይ ስም እጽፋለሁ። የምጽፈው ስም የፈለገውን ያህል ቢረዝም የሚቆርጠው የለም።

ታዲያ አጅማን፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ምግብ ሲታደል እኔ አልተሰለፍኩም። ሰዎች ሰብለን እየከበቡ ያቅፏታል። በመሃላቸው ገብቼ «ሰብለ» አልኳት። መነጽሯን ከፍ አደረገች። «ጸዲ? ጸዲዬ! ጌታ ሆይ!» ብላ ጮኸች፤ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሽቶዋ ውድ ነው። ዕንባዋ ትከሻዬን አረሰው፣ እውነተኛ ዕንባ። «ስንት ዓመት ጸለይኩልሽ!» ትላለች። በዙሪያችን ያሉት ማንነቴን ወዲያው ገመቱ፤ አንዲት ሴትዮ «ተመስገን፣ የጠፋችው ተገኘች» ስትል ሰማሁ። ሃና ሳህኗን እንደያዘች ቆማ «እትዬ ጸዳለ… ያቺ እህት አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ርኅራኄ ነበር። ርኅራኄዋን መታገሥ አቃተኝ፤ ሰብለን «እናውራ» አልኳት።

በመኪናዋ ልታደርሰን ተነሳች። ሃና ከኋላ ገባች። ከአጅማን ሻርጃ ያለው መንገድ እንደ ሁልጊዜው ተዘጋግቶ ነበር፤ ለመነጋገር የሚመች መንገድ ነው፣ ማንም ወርዶ መሄድ አይችልም። ሰብለ ስለ ልጆቿ ነገረችኝ፣ ኩባንያው ውስጥ ጡረታዋ ደርሶ እንደወጣች ነገረችኝ። ማዳምን ገና በቅርቡ ነው አሉ የነቀሏት። ሰምቼ ስጨርስ «ሰብለ፣ ማቆሚያውን ማነው ያነሳው?» አልኳት።

«የቱን ማቆሚያ?»

«የሳብዑን።»

ፈገግ አለች፣ በሐዘን። «ኧረ ተይው ጸዲ። አለፈ እኮ። አሁን ማንም የሚወቅስሽ የለም።»

«ወቀሳ አይደለም የጠየቅኩሽ። አብራው ላይ ምን ነበር ያልሽኝ?»

«እሱንማ እንዴት እረሳለሁ?» አለችና አንድ እጇን ከመሪው አንስታ እጄን ያዘችው። «እንዴት እንዳለቀስሽ። ሻርፔን እንዳለበስኩሽ። ሰው ይሳሳታል ስልሽ፤ እስከ ቅዳሜ ዝም በይልኝ ብለሽ በእናቴ ስትለምኚኝ።»

«አንቺ ነሽ የለመንሽኝ! አንቺ ነሽ ‹እኔ ነኝ› ያልሽኝ!»

ድምፄ ከፍ ሲል ሃና ከኋላ ተንቀሳቀሰች። ሰብለ አልደነገጠችም። ቀስ ብላ፣ የታመመ ሰው እንደሚያናግሩት፣ «ጸዲዬ፣ ራስሽን ለምን ታሰቃያለሽ?» አለችኝ። «እኔ እኮ ያኔውኑ ነው ይቅር ያልኩሽ።»

ፊቷን አየሁት። ያንን ፊት ዓመታት ሙሉ ከላይኛው አልጋ ቁልቁል አይቼዋለሁ፤ ሲዋሽም ሲፈራም አውቀዋለሁ። ውሸት አላገኘሁበትም። ፍርሃትም የለም፣ ማፈርም የለም። ከልቧ ነው የምትናገረው። በየዓመቱ በዚያ መድረክ ላይ ቆማ ስትናገር፣ በየዓመቱ ሰው አሜን ሲላት፣ አመነችው። ብትዋሸኝ ምንኛ በወደድኩ! የሚዋሽ ሰው እውነቱን አንድ ቦታ ደብቆ ያስቀምጣል፤ አንድ ቀን ተስፋ አለው። እኔ ስንት ዘመን የጠበቅኩት ቃል ግን እሷ ዘንድ የለም። በእኔ ላይ ያደረገችውን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልቀረም፣ እሷም ጭምር። ቶማስ ፊት የከዳችኝ ሰብለ ብትመጣ እጣላት ነበር፤ ይህቺን የምታባብለኝን ሴት ምን ብዬ ልጣላት?

አል መጃዝ፣ ሕንፃችን በር ላይ ደረስን። መቆሚያ ስለሌለ መሃል መንገድ ላይ አቆመች። በሩን ልከፍት ስል «ቆይ፣ ሳልጸልይልሽ አትወርጂም» አለችና መዳፏን ራሴ ላይ፣ ነጠላዬ ላይ ጫነች። ዓይኗን ጨፈነች። «ጌታ ሆይ፣ ይህችን እህቴን ከጸጸቷ አሳርፋት። ያጠፋችውን አንተ ረስተህላታል፤ እሷም ራሷን ይቅር እንድትል እርዳት» አለች። ሃና ከኋላ ሆና እያለቀሰች «አሜን» አለች። ከኋላችን አንዱ ጥሩንባ ነፋ፣ ሌላውም ቀጠለ። ሰብለ እጇን አላነሳችም፣ ዓይኗንም አልገለጠችም፤ እኔን ነው የምትጠብቀው። መኪኖቹ ተሰለፉ፣ አንዱ ሾፌር መስኮቱን ከፍቶ ይሳደባል። ሃና ትከሻዬን ነካ አድርጋ «እትዬ ጸዳለ፣ አሜን በያ» አለችኝ።

አሜን አልኩ።